ርዕስ ማድመቅና ርዕስ ማድረግ

የዛሬው ዝግጅታችን በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዩኒቨርሲቲው ማደሪያና በየኮፒ ቤቱ ሌት ተቀን ስለምንሠራበት የጽሕፈት ፕሮግራም፣ ስለ ወርድ ነው፤ በተለይም ስታይልና ቲም ስለሚባሉት ሁለት መሣሪያዎቹ። በሬዲዮ ስለ ስክሪን ማውራት ለተናጋሪም ለአድማጭም አይመችም። ኮምፒውተር በአቅራቢያው ያለ ከፍቶ ይከታተል፤ የሌለውም አይቸገር፣ ነገሩ ከገባው የቁልፎቹን ስም ቢረሳ እንኳ ፈልጎ አያጣቸውም።

ከሁለት ወረዳዎች ወደ ዞኑ መቀመጫ ወደ ደብረ ታቦር የተላኩ ሁለት የዓመት ሪፖርቶችን እናስብ። ታትመው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነት የላቸውም፤ የሁለቱም ርዕስ ጎላ ጠቆር ብሎ መሐል ላይ ተቀምጧል፣ ንዑስ ርዕሶቹም በተራ በተራቸው በቁጥር ተደርድረዋል። ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ያዘጋጀው ሰው ርዕሱን በማውስ ሴሌክት አድርጎ ቦልድ አደረገው፣ መጠኑን 16 አለው፣ ከዚያ በስፔስ ቁልፍ እየገፋ ወደ መሐል አመጣው። ሁለተኛው ጠቋሚውን ርዕሱ ላይ አቁሞ ሆም ከሚለው ታብ ውስጥ፣ ጎልቶ መሐል ላይ እንዲቀመጥ አስቀድሞ የተዘጋጀውን ሄዲንግ 1 ነካ፤ በቃ። ለዓይን ሁለቱም ርዕስ ናቸው። ለፕሮግራሙ ግን የመጀመሪያው የወፈረና የተለቀ ተራ መስመር ነው፤ ርዕስ መሆኑን የነገረው የለም። ዛሬ የምሟገትለት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍን ከማሳመራችን በፊት የትኛው ክፍል ምን እንደሆነ ለፕሮግራሙ ልንነግረው ይገባል። ይህን ያልለመድነውም ሰነፎች ስለሆንን አይደለም፤ ድሮ በቂ ምክንያት የነበረው ልማድ፣ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ስላልለቀቀን ነው።

ስታይል ማለት ስም የወጣለት የአጻጻፍ ደንብ ነው። ሄዲንግ 1 በሚለው ስም ሥር የፎንቱ ዓይነት፣ መጠኑና ቀለሙ፣ ከላይና ከታች የሚተወው ክፍተት ተመዝግቧል። ርዕሱ ከገጹ ግርጌ ብቻውን ተንጠልጥሎ እንዳይቀር የሚያዝዘው ትእዛዝም፣ ከርዕሱ ቀጥሎ ኢንተር ሲነካ የሚመጣው አንቀጽ ምን ዓይነት እንደሚሆንም እዚያው ተጽፏል። ሰነዱ ውስጥ 40 ንዑስ ርዕሶች ቢኖሩ 40ዎቹም የሚጠቅሱት አንዱን መዝገብ ነው። ኃላፊው ረቂቁን አይተው «ንዑስ ርዕሶቹ ገዝፈው ገጹን አጨናነቁት፣ መጠናቸው ይነስ» ቢሉ፣ ሄዲንግ 2 ላይ ቀኝ ክሊክ ተደርጎ፣ ሞዲፋይ የሚለው ተመርጦ፣ 14 የነበረው 13 ይደረጋል፤ 40ዎቹም እኩል ይታዘዛሉ። በእጅ የተሠራው ሰነድ ግን ከላይ እስከ ታች እየተፈለገ 40 ጊዜ ይነካል፤ ከመሐላቸው ሁለት ሦስቱ ተዘለው የሚገኙትም አብዛኛውን ጊዜ ከታተመ በኋላ ነው። ደግሞም ስታይሎች እርስ በርስ ይወራረሳሉ። ኖርማል የሚባለው የአብዛኞቹ የአንቀጽ ስታይሎች መነሻ ነው፤ ሌሎቹ የራሳቸው ደንብ ያላወጡበትን ነገር ሁሉ ከእሱ ይወስዳሉ። የስታይሎቹን መዝገብ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው፣ ቅጥያው ዶክኤክስ የሆነ አንድ ፋይል ኮፒ አድርጎ ቅጥያውን ዚፕ ብሎ ይለውጠውና ይክፈተው። ፋይሉ የብዙ ትንንሽ ፋይሎች እሽግ ሆኖ ይገኛል፤ ጽሑፉ ለብቻው፣ የስታይሎቹ መዝገብ ለብቻው፣ ቲሙም ለብቻው።

አሠራሩ ከሩቅ አገር የመጣ ብልሃት ሊመስል ይችላል። በኮምፒውተር መልኩ አዎ፣ ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቻርልስ ጎልድፋርብ፣ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ የተባሉ የአይቢኤም ባለሙያዎች የሕግ ሰነዶችን በኮምፒውተር ለማደራጀት ሲሠሩ፣ ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ክፍል መልኩን ትተው ምንነቱን የሚገልጽ ምልክት የሚሰጡበትን ቋንቋ ፈጠሩ። ወርድም እ.ኤ.አ. በ1983 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ስታይልን ይዞ ነው የወጣው። ሐሳቡ ግን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያንን የዜማ መጽሐፍ ድጓን እንውሰድ፤ ማስመስከሪያው በጋይንት ምድር ያለችው ቤተ ልሔም ናት። በብራና የተጻፈ ድጓ ሲገለጥ የበዓሉ መጠሪያና የዜማው ዓይነት በቀይ ቀለም ተለይቶ ይታያል፤ ቃሉ በጥቁር፣ የዜማ ምልክቱም ከቃሉ በላይ በደቃቁ ተጽፏል። መዝሙር፣ እስመ ለዓለም፣ ሰላም፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። መሪጌታው የክፍሉን ስም ሲያይ አዜማዜሙን ያውቃል፤ በየመስመሩ «ይህን እንዲህ በል» የሚል ማሳሰቢያ አያስፈልገውም። ጸሐፊውም ብዕር ከማንሣቱ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምርና የገጹን ልክ ከመጀመሪያው ይወስናል። ቀዩ ቀለም ውበት አለው፣ ማንም አይክድም፤ ግን በዘፈቀደ አይፈስስም፣ ደንብ ተከትሎ ነው የሚገባው። ልዩነቱ ብራና ላይ የሰፈረ ቀይ ተመልሶ አንድ ላይ ሰማያዊ ሊደረግ አለመቻሉ ነው። ኮምፒውተር የጨመረው ይህን አንድ ላይ የመለወጥ ችሎታ ነው።

እንግዲህ በድጓ የምናውቀውን በቢሮ ለምን አጣነው? አንደኛው መልስ የጽሕፈት መኪና ነው። በጽሕፈት መኪና ፊደሉ አንድ ዓይነት፣ መጠኑም አንድ ነው፤ ርዕስ የሚለየው ከሥሩ በማስመር ወይም ስፔስ እየመቱ ወደ መሐል በማምጣት ነው። በዚያ የሠለጠኑ እጆች ኮምፒውተር ሲመጣላቸው ሙያቸውን ይዘው ተሻገሩ፣ ለተከታዮቻቸውም አወረሱ። ዛሬም አዲስ ምዕራፍ ወደ አዲስ ገጽ ለማሻገር ኢንተርን ደጋግሞ የሚመታ ጣት የጽሕፈት መኪና ልጅ ነው።

ሁለተኛው መልስ ግን የበለጠ ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም አይነሣም። የቀድሞዎቹ የአማርኛ የጽሕፈት ፕሮግራሞች በወጡበት ዘመን አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ነው። ሠሪዎቹ፣ ሙያቸው የሚመሰገን ነው፣ ያገኙት መላ የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ መትከል ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ያ ልዩ ፎንት እስካልተነካ ድረስ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ አንድ ሰው ሄዲንግ 1ን ቢነካ ምን ይሆናል? ወርድ አንድ የአንቀጽ ስታይል ሲሰጠው፣ ከአንቀጹ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእጅ የተሰጠ ፎንት ካለው ገፍፎ ያነሣዋል፣ በምትኩም የስታይሉን ፎንት ያለብሰዋል። ርዕስ ደግሞ መቼም ሙሉ በሙሉ በእጅ የተቀባ ነው። ስለዚህ «የበጀት ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት» የሚለው መስመር በዓይን ጥቅሻ የቅንፍ፣ የነጠላ ሰረዝና የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይቀራል። ይህ አንድ ጊዜ የደረሰበት ጸሐፊ ያን ቁልፍ ዳግመኛ ባይነካ፣ አጠገቡ ለተቀመጠውም «እሱን እንዳትነካ» ብሎ ቢያስጠነቅቅ ማን ይፈርድበታል? ልማዱ የተወለደው ከእውነተኛ ጉዳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ግን ለግዕዝ ፊደል 345 የራሱ ቦታዎችን ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሀ በየትኛውም ፎንት ሀ ነው። ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ ወዲህ ተጨማሪ ነገር ሳይጫን አማርኛ ማንበብ ተቻለ። በዩኒኮድ የተጻፈ ርዕስ ላይ ስታይል ቢሰጥ የፊደሉ ቅርጽ ይለወጥ ይሆናል እንጂ ቃሉ አይጠፋም። እጃችሁ ላይ ያለው ሰነድ የቱ ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። አንድ መስመር ሴሌክት አድርጉና ፎንቱን ኤሪያል በሉት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ያለ ሥጋት ስታይል ስጡት። ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተለወጠ የድሮው ነው፤ ኮንትሮልና ዜድን ነክታችሁ መልሱት፣ ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየርም ስታይል አታስነኩት። የፕሮግራሙ ስም እንዳያሳስታችሁ፤ ፓወር ግዕዝን የመሰሉት ሁለቱንም ዓይነት ፎንት ስለያዙ የሚለየው ፈተናው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዞኑ ሪፖርት እንመለስ፤ የስታይል ዋጋ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ነውና። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ ከፎገራ እስከ ታች ጋይንት ካሉት ወረዳዎች ሪፖርት በሶፍት ኮፒ ይሰበሰባል፣ አንድ ሰው ሁሉንም እያነበበ ወደ አንድ ሰነድ ያጠቃልላል። እያንዳንዱ ፋይል በእጅ የተቀባ ከሆነ ኮፒ ፔስት በተደረገ ቁጥር የራሱን ፎንት፣ መጠን፣ የመስመር ርቀትና ቁጥር አሰጣጥ ይዞ ይገባል። አጠቃላዩ ሰው ማጠቃለሉን ትቶ ቀለም ሲያስተካክል ይውላል፤ ጉዳዩን የማንበቢያ ሰዓቱ የሚባክነው በዚህ ነው። ሁሉም ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2ና ኖርማልን ከተጠቀሙ ግን፣ ፔስት ሲደረግ ከሚመጡት አማራጮች ዩዝ ዴስቲኔሽን ስታይልስ የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ከወረዳው የመጣው ሄዲንግ 2፣ የዞኑ ሰነድ ለሄዲንግ 2 ያወጣውን መልክ ይይዛል። ወረዳው ሄዲንግ 2ን በስታይሉ መዝገብ አረንጓዴ አድርጎት ቢልከውም ችግር የለም። ከዚያም ቪው ውስጥ ናቪጌሽን ፔን የሚለው ሲከፈት ርዕሶቹ በሙሉ በግራ በኩል ተሰልፈው ይታያሉ፤ አንዱን ርዕስ ይዞ ወደ ላይ ቢጎትቱት ከነአንቀጾቹ፣ ከነሰንጠረዡ ይሄዳል። ማውጫው ሪፈረንስስ ከሚለው ታብ በአንድ ትእዛዝ ይወጣል፤ ገጽ ሲጨመርና ሲቀነስ ማውጫው ላይ ቆሞ ኤፍ 9ን መንካትና አፕዴት ማለት ብቻ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ማውጫ ነጥብ በነጥብ በእጁ ደርድሮ፣ አማካሪው በምዕራፍ ሁለት አንድ ገጽ ስላስጨመሩት ከዚያ ወዲያ ያለው የገጽ ቁጥር ሁሉ ሲፋለስበት የሚያጣው እንቅልፍ በዚህ ይድናል። ማየት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ ጥቅሙ ከዚህም ይበልጣል። ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራሞች ከርዕስ ወደ ርዕስ የሚዘሉት ሄዲንግ የተባለውን እየፈለጉ ነው፤ በእጅ የደመቀ ርዕስ ለእነሱ የለም፣ ተማሪውም ጽሑፉን በሙሉ ከላይ ጀምሮ ከማዳመጥ ሌላ መንገድ አይኖረውም።

ቲም ከስታይል በላይ የተቀመጠ ነገር ነው። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ የመጣ ሲሆን፣ በውስጡ ሁለት ፎንቶች፣ ማለትም አንዱ ለርዕስ አንዱ ለዋናው ጽሑፍ፣ እንዲሁም 12 ቀለሞች አሉት። ስታይሎቹ «የርዕስ ፎንት»፣ «አንደኛው ማድመቂያ ቀለም» እያሉ ወደ ቲሙ ያመለክታሉ፤ ዲዛይን በሚለው ታብ ቲሙ ሲለወጥ የሰነዱ መልክ አንድ ላይ ይለወጣል። ቤቱ ያው ሆኖ ምንጣፉና መጋረጃው እንደ መቀየር ነው። እዚህ ላይ ግን የአማርኛ ተጠቃሚ ቅሬታ እውነትነት አለው። ከወርድ ጋር የሚመጡት ቲሞች የሚጠሯቸው እንደ ካሊብሪ ያሉ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። በቲሙ ፋይል ውስጥ ለግዕዝ ፊደል ኒያላን የሚጠራ አንድ መስመር መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዊንዶውስ 10 ኒያላ ራሱ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ፎንት ሆኗል፣ አብሮ የሚመጣው ኤብሪማ ነው። በዚህ የተነሣ ተጠቃሚው ቲም ሲቀያይር እንግሊዝኛው ይለዋወጣል፣ አማርኛው ግን ንቅንቅ አይልም ወይም ያልታሰበ መልክ ያመጣል። «ቲም ለእኛ አልተሠራም» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው፣ እንዲሁ እንደ መጣ ከተወሰደም ልክ ናቸው። መድኃኒቱ ግን እዚያው ዲዛይን ውስጥ፣ ፎንትስ ከሚለው ሥር፣ ካስተማይዝ ፎንትስ በሚለው ቦታ አለ። ለርዕስና ለዋናው ጽሑፍ የግዕዝ ፊደል ያላቸውን ፎንቶች፣ ለምሳሌ በነጻ የሚገኘውን አቢሲኒካን፣ መርጦ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ ቲሙ አማርኛም ይታዘዘዋል። ቀለሙን በተመለከተ እኔ ብዙም አልጓጓም፤ አብዛኛው የመንግሥት ሪፖርት በጥቁርና ነጭ ስለሚታተም ቀለሞቹ ወረቀት ላይ ግራጫ ይሆናሉ።

የሚቃወሙኝ አድማጮች እንዳሉ አውቃለሁ። «እኔ የምጽፈው የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፣ ማዕረግ፣ ፊርማ፣ ማኅተም፤ ስታይል ምን ይሠራልኛል?» የሚል ይኖራል። ምንም አይሠራለትም፤ በእጁ ይጻፈው። ሌላው ደግሞ «በስታይል የሠራሁት ሰነድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ተበላሸ» ይላል። ነገሩ ይደርሳል፣ ነገር ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የስታይሉ አይደለም፤ የተጠቀመበት ፎንት ሌላው ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ነው፣ በእጅ የተቀባውም እዚያው ላይ እኩል ይበላሽ ነበር። ኦፕሽንስ ውስጥ፣ ሴቭ በሚለው ሥር፣ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚያሽግ ምርጫ አለ፤ ሰነዱ ለንባብ ብቻ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ይቀልላል።

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፦ «እኔ ብቻዬን ብጠቀም፣ ሌላው ካልተጠቀመ ምን ዋጋ አለው?» ይህ እንደ ደብዳቤው በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ለብቻው የሚጽፍ ሰው ማውጫውን፣ አንድ ላይ ማስተካከሉን፣ ናቪጌሽኑን ያገኛል፤ ይህ ትንሽ አይደለም። ትልቁ ጥቅም ግን ሰነድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚገኘው ስለሆነ፣ በአንድ ጸሐፊ ጥንካሬ ብቻ አይመጣም። ወረዳዎች በፈለጉት መልክ ጽፈው እንዲልኩ እየተተዉ፣ የሚያጠቃልለው ሰው አንድ ወጥ ሰነድ እንዲያወጣ ቢጠበቅበት ሸክሙ የተጫነው በተሳሳተው ትከሻ ላይ ነው። ሪፖርት የሚጠይቀው አካል ቅጹን ሲልክ ቴምፕሌቱንም አብሮ ቢልክ ነገሩ ከምንጩ ይፈታል። ቴምፕሌት ማለት ቅጥያው ዶቲኤክስ የሆነ ፋይል ነው፤ ሁለት ጊዜ ክሊክ ተደርጎ ሲከፈት አዲስ ሰነድ ሆኖ ስለሚከፈት ዋናው አይበላሽም። ለሪፖርት ታይትል፣ ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2፣ ኖርማል፣ ለሰንጠረዥና ለሥዕል መግለጫ ደግሞ ካፕሽን ይበቃሉ። የእንግሊዝኛ ስማቸው ደስ ባይልም በእነሱ ፈንታ «ርዕስ አንድ» የሚል አዲስ ስታይል አትፍጠሩ፤ ማውጫውና ናቪጌሽኑ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ የሚያውቁት አብረው የመጡትን ሄዲንጎች ነው፣ መልካቸውን እንዳሻችሁ መለወጥ ትችላላችሁ። ኦቶማቲካሊ አፕዴት የሚለው ምርጫ ግን በየትኛውም ስታይል ላይ ምልክት እንዳይደረግበት፤ ከተደረገ አንድ ርዕስ ላይ በስሕተት የተነካ ቀለም ሁሉንም ርዕሶች ይዞ ይሄዳል።

ቴምፕሌቱ ግንቦት ላይ ለየወረዳው ቢደርስ ለሐምሌው ማጠቃለያ ጊዜ አለው። እስከዚያው እጃችሁ ላይ ባለው አሮጌ ሪፖርት መለማመድ ይቻላል፤ በመጀመሪያ የኤሪያሉን ፈተና አድርጉ፣ ካለፈ ደግሞ ኮፒ አድርጋችሁ ርዕሶቹን አንድ በአንድ ሄዲንግ ስጧቸው። ሰንጠረዦች የራሳቸው ስታይል አላቸው፣ ነገራቸውም በሁለት ቃል አያልቅም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅት ይዘነዋል።